መልስ፦ ሞሪያሱ ሃጂሜ ተጫዋች ሳለ ስም ነበረው ወይ?

የጃፓን ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሞሪያሱ ሃጂሜ በተጫዋችነቱ ይታወቅ እንደነበር ለጠየቁት፦ አዎን፣ ይታወቅ ነበር፤ ዝናው ግን ጎል በማግባት የመጣ አልነበረም። የተከላካይ አማካይ ነበር፤ ሥራው ኳስ ነጥቆ ለተሻለ አቀባይ መስጠት ነው። ናጋሳኪ አድጎ ማዝዳን ተቀላቀለ፤ ክለቡ በኋላ ሳንፍሬቼ ሂሮሺማ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ሆላንዳዊው ሃንስ ኦፍት ለብሔራዊ ቡድን ጠራው፤ በዚያው ዓመት የእስያ ዋንጫን አነሳ።

ታሪኩ የሚከብደው በ1993 ዶሃ ላይ ነው። ጃፓን ኢራቅን 2 ለ 1 እየመራች፣ ወደ መጀመሪያዋ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሯት፣ በጭማሪ ሰዓት ከማዕዘን ምት በተነሳ ኳስ ጎል ተቆጠረባት። ሞሪያሱ ሜዳ ውስጥ ነበር።

አሰልጣኝ ሆኖ ሂሮሺማን በ2012፣ በ2013 እና በ2015 የሊግ ሻምፒዮን አደረገ። በ2018 ብሔራዊ ቡድኑን ተረከበ። ጥንቃቄ ያበዛል እያሉ የሚነቅፉት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በ2022 በኳታር ጀርመን 1 ለ 0 ስትመራው ከእረፍት መልስ የኋላ መስመሩን ወደ ሦስት ተከላካይ ቀየረ፣ አጥቂዎችንም ደራርቦ አስገባ። ተቀይረው የገቡት ዶአን እና አሳኖ አግብተው 2 ለ 1 አሸነፉ። ስፔንንም ከኋላ ተነስተው በዚያው ውጤት ረቱ። ፈሪ አሰልጣኝ እንዲህ ያለ ውሳኔ አይወስንም። በክሮሺያ በፍጹም ቅጣት ምት ቢሸነፍም ሥራው ላይ ቆየ፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ ጃፓንን ለ2026 የዓለም ዋንጫ አሳለፈ።