አኖዱ ካልተበላ ፓምፑ ይበላል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ጄት ስኪዬ፣ ማለትም በፓምፕ ውሃ ወደ ኋላ እየገፋ የሚሄደው የውሃ ላይ ሞተር ሳይክሌ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ባህር ላይ ሠርቷል። ፓምፑ ላይ የታሰረው የዚንክ አኖድ፣ በፓምፑ ፈንታ እንዲበላ የተሠራው ቁራጭ፣ ነጭ ነገር ከመልበሱ በቀር ዛሬም እንደ አዲስ ነው። የፓምፑ አሉሚኒየም ግን ቀለሙ አብጧል፤ ሲፋቅ ከሥሩ ነጭ ዱቄትና ጉድጓድ ይታያል። አኖዱ ደህና ሆኖ ሳለ ፓምፑ ለምን ተጎዳ?

መልስ፦ ፓምፑ የተጎዳው አኖዱ ሥራውን ስላልሠራ ነው። የአኖድ ሥራው መበላት ነው፤ ሁለት ዓመት ጨው ውሃ ሲነካው ኖሮ ያልከሳ አኖድ ሊያሳስብዎት እንጂ ሊያስደስትዎት አይገባም።

የፓምፑ ቤት አሉሚኒየም ሲሆን ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) እና ዘንጉ ስቴንለስ ናቸው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ጨው ውሃ ውስጥ ሲገቡ እንደ ባትሪ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚለቀው አሉሚኒየም ይሟሟል፤ ስቴንለሱ ይተርፋል። ከአሉሚኒየሙ ይልቅ በቀላሉ የሚለቅ ሦስተኛ ብረት አብሮ ሲታሰር ግን መሟሟቱ ወደ እሱ ይዞራል። ባህር ውስጥ በብር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ (ብረቶችን ማነጻጸሪያ መለኪያ) ሲለካ የፓምፑ አሉሚኒየም ወደ -0.75 ቮልት፣ ዚንክ ወደ -1.03፣ ለአኖድ የተሠራ አሉሚኒየም ወደ -1.10፣ ማግኒዚየም ደግሞ ወደ -1.5 ቮልት ያሳያሉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ብረቱ ኤሌክትሮን በቀላሉ ይለቃል፤ ፓምፑን የሚጠብቀው ይህ ልዩነት ነው።

ልዩነቱ የሚሠራው ግን ኤሌክትሮኖቹ ከአኖዱ ወደ ፓምፑ የሚያልፉበት ንጹሕ የብረት ለብረት ንክኪ ካለ ብቻ ነው። በእርስዎ ጄት ስኪ ላይ ይህ ንክኪ የተቋረጠ ይመስላል። ብዙ ጊዜ የሚያቋርጡት ከአኖዱ ሥር የቀረ ቀለም፣ ብሎን ማጥበቂያ ሙጫ ወይም ሲሊከን፣ አለዚያም መቀመጫው ላይ የተጋገረ የአሉሚኒየም ዝገት ናቸው።

አኖዱን ፈትተው የጀርባውን ፊት፣ የፓምፑን መቀመጫና ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈግፍጉ። ቀለም የሚነሣው አኖዱ ከሚቀመጥበት ስፋት ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈ እራቁት አሉሚኒየም ለአኖዱ ትርፍ ሸክም ይሆንበታል። የብረት ሽቦ ብሩሽ አይጠቀሙ፤ የሚተወው የብረት ብናኝ ራሱ አዲስ ዝገት ይጀምራል። መልሰው ካጠበቁ በኋላ ጄት ስኪው ደረቅ ላይ እንዳለ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያው ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በአኖዱ፣ ሌላውን ራቅ ባለ የፓምፑ እራቁት ብረት ላይ ይጫኑ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አነካክተው የሽቦዎቹን የራሳቸውን መጠን ይቀንሱለት። የቀረው ከ1 ኦም በታች፣ ይልቁንም ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ ፈትቶ መድገም ነው። አኖዱ ላይ ቀለም ፈጽሞ አይቀባም።

የተቦረቦረውን ቦታ ፍቀው፣ በንጹሕ ውሃ አጥበውና አድርቀው ለአሉሚኒየም የተዘጋጀ የመጀመሪያ ቀለም ከቀቡ በኋላ ዋናውን ቀለም ይደርቡበት። ኢምፔለሩ የሚሽከረከርበትን የውስጥ ግድግዳ ግን አይቅቡ። መዳብ ያለበት የባህር ተክል መከላከያ ቀለምም አሉሚኒየም ላይ አይውልም፤ መዳቡ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ጉድጓዱ ውሃ መከላከያው ጎማ ወደሚያርፍበት ፊት ከደረሰ ቀለም አያድነውም፤ ዕቃውን መቀየር ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንዳንዴ ሐይቅ፣ አንዳንዴ ባህር ላይ እነዳለሁ። የትኛውን አኖድ ልግዛ? ማግኒዚየም ከሁሉም ይበልጣል የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ ለእርስዎ የአሉሚኒየም አኖድ ይሻላል። ዚንክ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቅርፊት ይለብስና ይደነዝዛል፤ ወደ ባህር ሲመለስም ካልተፋቀ ላይነቃ ይችላል። የአኖድ አሉሚኒየም ዚንክና ጥቂት ኢንዲየም የተቀላቀለበት ስለሆነ እንዲህ ያለ ቅርፊት አይዘጋውም። ስለዚህ ከተራ አሉሚኒየም ቁራጭ አኖድ መቁረጥ አይሠራም። ደግሞም አንድ ኪሎ ዚንክ ወደ 780 አምፔር ሰዓት ሲሰጥ አንድ ኪሎ የአኖድ አሉሚኒየም ወደ 2,500 ይሰጣል። አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ በእኩል መጠን ሲወዳደሩ ብልጫው ያን ያህል ባይሆንም በጥቂቱ ይረዝማል።

ማግኒዚየም ጨው አልባ ውሃ ላይ ብቻ ለሚውል ጄት ስኪ ጥሩ ነው። ባህር ውስጥ ግን በፍጥነት ያልቃል፤ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። ከልክ ያለፈ ጥበቃ ፓምፑ ላይ ሃይድሮጅንና አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ይፈጥራል፤ ቀለሙ ይነሣል፣ አሉሚኒየም ደግሞ በአልካሊ ይሟሟል። ያድናል የተባለው አኖድ ራሱ ይጎዳዋል ማለት ነው። ዚንክና አሉሚኒየም አኖድ አንድ ላይ አይጠቀሙ፤ አሉሚኒየሙ ዚንኩን ጭምር እየጠበቀ ብቻውን ያልቃል።

ጥያቄ፦ የእኔው በተቃራኒው ነው። ጄት ስኪው ከመትከያው ሳይወጣ ውሃ ላይ ይውላል፣ ያድራል፤ አዲስ አኖድ በሁለት ወር ያልቃል። ትልቅ ልሰር?

መልስ፦ ምክንያቱን ሳያገኙ ትልቅ ማሰር ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። መጀመሪያ የታሰረበትን ነገር ይዩ። በብረት ሰንሰለት ከብረት መትከያ ጋር ከተገናኘ አኖድዎ የመትከያውንም ብረት እየጠበቀ ነው፤ በገመድ ይተኩት። ቀጥሎ የተላጠ ቀለም ይፈልጉ፤ እራቁት አሉሚኒየም ለአኖዱ ትርፍ ሸክም ነው።

ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶም ከባትሪው የሚፈስ ኤሌክትሪክ አለ ወይ? ቁልፉን ነቅለው የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱና ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርገው በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል ያስገቡ። ከከፍተኛው መለኪያ ይጀምሩ፤ ሞተር ለማስነሣት ግን አይሞክሩ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። ሰዓትና መቆጣጠሪያ ጥቂት ሚሊአምፔር ይወስዳሉ። ከዚያ በእጅጉ ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ሲነቀል ቁጥሩን የሚያወርደው ፊውዝ የጥፋቱን መስመር ያሳያል። ብዙ ጊዜ ተጠያቂው በኋላ የተጨመረ ዕቃ ነው፦ የውሃ ማውጫ ፓምፕ፣ ድምፅ ማጉያ፣ መብራት። ሽቦው የተላጠበት ቦታ እርጥበት ሲያገኝ ኤሌክትሪኩ በውሃ በኩል ይፈሳል፤ ይህ ደግሞ ብረትን በቀናት ውስጥ ሊቦረቡር ይችላል።

አዲሱን አኖድ ሳያስሩ ይመዝኑትና ክብደቱን ይጻፉ። ግማሹ ሲያልቅ ይቀየራል፤ እስኪጠፋ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ አኖድ ካለ ከባህር መልስ ማጠብ ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ ነው። አኖድ የሚጠብቀው አብሮት ውሃ ውስጥ ያለውን ብረት ብቻ ነው። ጄት ስኪው ከውሃ ሲወጣ ጥበቃው ያበቃል፤ በጭስ መውጫውና በባህር ውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ቱቦዎች ውስጥ የቀረው ጨው ግን መብላቱን ይቀጥላል። ሲያጥቡ መጀመሪያ ሞተሩን አስነሥተው ወዲያው ውሃውን ይክፈቱ፤ ሲጨርሱ መጀመሪያ ውሃውን ዘግተው የቀረው በጭስ መውጫው እንዲወጣ ለአፍታ ነዳጅ ሰጥተው ሞተሩን ያጥፉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ውሃው ወደ ሲሊንደር ሊገባ ይችላል። ሞተሩ ያለ ውሃ ስንት ሰከንድ እንደሚፈቀድለት የጄት ስኪው መመሪያ ይወስናል፤ ከዚያ አይለፉ።