የእምዬን ሕይወት ከሰው አፍ ለቀምኩት

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ።

«አያቴ ያገኘችውን ሰው ሁሉ የምታጫውት ሴት ነበረች። በመታሰቢያዋ ቀን ስለ ሕይወቷ እንድናገር ቤተሰቡ መርጦኛል፣ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። የዛሬ 3 ዓመት እኔም በአያቴ በእምዬ ይኸው ገጥሞኝ ነበር። ያደረግኩትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። የተወለደችበትን ዓመት፣ ያገባችበትን፣ የልጆቿን ብዛት ጻፍኩ። «ደግ፣ ተጫዋች፣ ሰው ወዳድ ነበረች» ብዬ ጨመርኩበት። መልሼ ሳነበው እምዬ የለችበትም። የማንም አያት ልትሆን ትችላለች። ቀደድኩት።

እንደ እሷ ያለ ሰው ታሪኩ ያለው በየሰዉ ዘንድ ነው። እኛ የምናውቃት በእናትነቷና በአያትነቷ ብቻ ነበር። ስለዚህ ስልኳን ከፍቼ ደጋግማ የደወለችላቸውን ሰዎች ስም አወጣሁ። 11ዱን ከቤተሰቡ ማንም አያውቃቸውም። አንድ በአንድ ደወልኩላቸው።

ከእነሱ አንዱ ወጣት ልጅ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ ነው የተዋወቁት። ፈተና ወድቆ አንገቱን ደፍቶ ስታየው ዝም ማለት አልሆነላትም፣ አወራችው። ስልኩን ተቀበለችው። ከዚያ በኋላ ፈተና ባለው ቀን ሁሉ በማለዳ እየደወለች ትቀሰቅሰው ነበር፣ እስኪመረቅ ድረስ። እኛ እኮ «በዚህ ጠዋት ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትጮኸው?» እያልን እናማርር ነበር። ይህን ስሰማ ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ስትደውዪ ታዲያ «እንዴት ነበሩ?» አትበዪ። «ደግ ነበሩ» ይሉሽና ያበቃል። «መጀመሪያ ስትተዋወቁ ምን አሉሽ?»፣ «ተቆጥተውህ ያውቃሉ? ምን ብለው?» ብለሽ ጠይቂ። የተናገሩትን ቃል እንዳለ ጻፊ፣ አታሳምሪው። ከፈቀዱልሽ ደግሞ ድምፃቸውን ቅጂ።

በዕድሜ የገፉትን ጓደኞቻቸውን አስቀድሚ። ሰው ሲያረጅ አጥርቶ የሚያስታውሰው በተለይ ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለውን ጊዜ እንደሆነ ጥናቶች ያሳያሉ። እውነት ነው። የእምዬ የልጅነት ጓደኛ ያለፈውን ሳምንት ትረሳለች፣ የ17 ዓመቷን እምዬን ግን ቁልጭ አድርጋ ነገረችኝ። ከአባቷ ተደብቃ ብስክሌት ተምራ ነበር! ጉልበቷ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ የመጣ ነው። ለእኛ ግን «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ነበር የምትለን። ንግግሬን የጀመርኩት በብስክሌቱ ነው።

ደጋግመው ያወሩላችሁ የነበረውን ታሪክም አትናቂው። እኔ «ነግረሽን የለም እንዴ!» እያልኩ አቋርጣት ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሮበርት በትለር የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ አረጋውያን ያለፈውን ማንሳታቸው ሕይወታቸውን መልሰው የሚመረምሩበት ተፈጥሯዊ መንገድ እንደሆነ አስረድቷል። እኔም የደጋገመችውን ታሪክ እሷ ራሷ የመረጠችው ነው ብዬ አስገባሁት።

ጉድለታቸውንም አትደብቂ። እምዬ ምስጢር መያዝ አይሆንላትም ነበር። እናቴን አስፈቅጄ ይህን ስናገር የተሰበሰበው ሰው እያለቀሰ ሳቀ። እሷን ራሷን ያየናት ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን ለነገ አትበዪ። የድምፅ መልእክቶቻቸውን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ላይ ገልብጪ። እኔ ስልክ ስቀይር አብዛኛው ጠፋብኝ። የቀረኝ አንድ የ40 ሰከንድ መልእክት ነው፦ «ደረስሽ ወይ? ስትደርሺ ደውዪ አላልኩሽም?» ትላለች።

ስትጨርሺ ጮክ ብለሽ አንብቢውና ሰዓት ያዢ። የእኔ 6 ደቂቃ ነበር፣ በቂ ነው። ቤት ውስጥ አምስት ጊዜ አንብቤው ምንም አልሆንኩም። በቀኑ ግን የዚያ ልጅ ታሪክ ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ። የአጎቴ ልጅ ወረቀቱን ተቀብሎ ጨረሰልኝ። አንቺም ቀድሞ ያነበበውና አጠገብሽ የሚቆም ሰው ይኑርሽ።