«ወርጄ ምን ልሥራ?»

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። እማዬን ከገጠር ካመጣኋት ወዲህ ከሳሎን አትወጣም። «ውጪ» ስላት «ወርጄ ምን ልሥራ?» ነው መልሷ። ከብሎካችን ፊት ለፊት ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ኮሚቴው ሙሉውን ኮብልስቶን አንጥፎ ለመኪና ሊያደርገው ነው። አትክልት ቢተከልበት ለጤናም ይሻላል ብል «ቅንጦት» ብለው ሳቁብኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ስለ ኡልሪች ንገሪያቸው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮጀር ኡልሪች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ አገላብጦ ነበር። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንከር ያለ ማስታገሻም ብዙ አልፈለጉም። በመስኮት ብቻ እኮ ነው!

እኔን የያዘኝ ግን የእናትሽ ጥያቄ ነው። በየሰፈሩ «ግሪን ኤሪያ» እየተባለ በሽቦ የሚታጠረው፣ ሣሩን አትርገጡ የሚባልበት ቦታ ለእሳቸው ምን ይሠራል? እሳቸው የሚፈልጉት የሚወርዱበት ጉዳይ ነው። ከደረጃው ሳይርቅ አንዲት መደብ ይኑራቸው፤ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት ይትከሉባት። ለቡና ጤና አዳም ሊቆርጡ ይወርዳሉ፣ ጎረቤት «እስቲ አንድ ዘለላ» ይላቸዋል፣ ወሬው እዚያው ይጀመራል። አጠገቧ መደገፊያ ያለው አግዳሚ ይደረግ። እጅ ማስደገፊያውን እንዳትረሱ፤ ጉልበት ያመመው ሰው ያለ እሱ አይነሳም።

አፈራችሁ መረሬ ነው፤ ክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ስለዚህ መደቧን ከፍ አድርጉ፣ የውኃ መውረጃም ቦይ ቅደዱ። ለጥላ ግራር መረሬን ይችላል፤ ከሕንፃው ራቅ አድርጋችሁ ክረምት ሲገባ ትከሉት። ባሕር ዛፍ ይቅርባችሁ።

ደግሞ ሙሉውን ቦታ አትጠይቂ። መኪና ያላቸው ጎረቤቶችሽም ሰው ናቸው፣ ግማሹን ልቀቂላቸው። ኮብሉም ቢሆን ለእግረኛ መንገዷ ያስፈልጋል፤ በጭቃ ማን ይወርዳል?

ስብሰባው እስኪደርስ ቅዳሜ ከሰዓት ረከቦቱንና ዱካዋን ይዘሽ እናትሽን አውርጂያቸው። ቦታ አትምረጪላቸው። ፀሐዩን አይተው፣ ነፋሱን ሸሽተው፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ወደሚታዩበት ዞረው ዱካዋን የሚያስቀምጡባትን ቦታ በጠጠር ምልክት አድርጊባት። አግዳሚው እዚያ ይሠራል።