አፉን ትታችሁ ጣቱን እዩ

አፕ ወይም ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሥራችሁን ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት የማያውቃችሁ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና ሲጠቀምበት እዩት። የሚሠራው ነገር ስጡት፤ «ለእናትህ 500 ብር ላክ» በሉት። ከዚያ ዝም በሉ።

ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። ሰውዬው ግራ ሲገባው «እዚህ ጋ ንካው» ልትሉ ይዳዳችኋል። አደራ፣ አትበሉ። ነገ ደሴ ወይም ጅማ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲከፍተው እናንተ የላችሁም። «አሁን የቱን ልንካ?» ብሎ ከጠየቃችሁ «እኔ ባልኖር የቱን ትነካ ነበር?» ብላችሁ መልሱለት።

ሌላው ፈተና ይሉኝታ ነው። የኛ ሰው ለፍታችሁ የሠራችሁትን ነገር ፊት ለፊት «አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል። «እንዴት አገኘኸው?» ስትሉት «በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ» ይላል፤ ሲያቅተው ደግሞ «እኔ ስልክ ላይ ደካማ ነኝ» ብሎ ጥፋቱን ራሱ ላይ ያደርጋል። ይህችን ስትሰሙ ቶሎ ጻፉ፣ ችግሩ እዚያው ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ አፉን ትታችሁ ጣቱን እዩ። የት ጋ ቆመ? የቱን ሁለት ጊዜ ነካ? መቼ ወደ ኋላ ተመለሰ? ገና ሳትጀምሩ «የምንፈትነው አፑን ነው፣ አንተን አይደለም» በሉት፤ ዘና ይላል።

የሕክምና ቀጠሮ ማስያዣ ላይ ስንሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲትን እናት ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ እንዲይዙ ጠየቅናቸው። ስክሪኑ ላይ ሰዓቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ተደርድረዋል፤ 9:00፣ 10:00፣ 11:00 እያለ ወደ ታች ይሄዳል። እሳቸው በጣታቸው እየፈለጉ ወረዱ፣ 3:00ን ሲያገኙ ነኩና «ያዝኩ» ብለው ስልኩን መለሱልን። የያዙት ግን ከሰዓት 9 ሰዓት ነው! ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ሲስተሙ የተሳካ ቀጠሮ ብሎ መዝግቦታል። አጠገባቸው ተቀምጦ ያየ ሰው ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለው ታማሚ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ወንበር ላይ ይውል ነበር፣ እኛም ሪፖርቱን እያየን ሁሉ ሰላም ነው እንል ነበር። መፍትሔው «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለው ብዙ ነው። የልደት ቀን ፎርሙ 12 ወር ብቻ ይዞ ጳጉሜን ይረሳል። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል።

«ብዙ ሰው ከየት እናምጣ?» ትሉ ይሆናል። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. በጻፈው ላይ 5 ሰው ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን ያሳያል የሚል ስሌት አቅርቧል። ቁጥሩ ብዙ አከራክሯል፤ ምክሩን ግን እኔ እቀበለዋለሁ። 15 ሰው አንዴ ከመፈተን 5 ፈትናችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ ሌላ 5 ጋብዙ። ዋናው ማንን ትጠራላችሁ ነው። አምስቱም የቢሮ ጓደኞቻችሁ ከሆኑ ምንም አላያችሁም። መነጽር የሚያደርጉ አዛውንት ጋብዙ፣ የስልኩ ማከማቻ የሞላበትን ልጅ ጋብዙ፣ ዳታ በቁጠባ የምትጠቀም ነጋዴ ጋብዙ። ደግሞ በራሳቸው ስልክ ይሞክሩት፤ በናንተ አዲስ ስልክና በቢሮው ዋይፋይ ሁሉም ነገር ይፈጥናል።

ፕሮግራመሩም አለቃውም እዚያው ገብተው ይቀመጡ፣ በዝምታ። አንዲት ሴት በተኑን አጥታ ስትቸገር በዓይኑ ያየ ሰው ስለ በተኑ ብዙ አይከራከርም።

ሰዎቹ ሲሞክሩት ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። እውነተኛ የሚስጥር ቁጥራቸውን እንዳያስገቡ የመለማመጃ አካውንት አዘጋጁላቸው። የትራንስፖርትም ስጧቸው፣ ሥራቸውን ጥለው ነው የመጡት።