ያገለገለች ሽጉጥ ገዝቼ ልታጠቅ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ለገጣፎ ዳር ነው። ትንሽ ሱቅ አለኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ዘግቼ የዕለቱን ሽያጭ በኪሴ ይዤ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ከአስፋልቱ እስከ ሰፈራችን ያለው መንገድ መብራት የለውም። ባለፈው ወር ጎረቤቴን ማጅራት መቺዎች ደብድበው ስልኩንና ገንዘቡን ወሰዱበት። አሁን አንድ የማውቀው ሰው ያገለገለች ማካሮቭ ሽጉጥ ሊሸጥልኝ ነው። ትንሽ ስለሆነች ከጃኬት ሥር አትታይም። ፈቃድ የላትም፤ «ወረቀቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል» ይለኛል። ቁጥሯም ተፍቋል። እሑድ ከሰዓት ድንጋይ ካባው ዘንድ ወርደን ሦስት አራት ጥይት ተኩሰህ ሞክራት ብሎኛል። አሜሪካ፣ ቴክሳስ ያለው የአክስቴ ልጅም ራሱ እንደሚታጠቅ ነግሮ አደፋፈረኝ። ጌታችን ሰይፍ ግዙ ብሎ የለ? ቅዱስ ጊዮርጊስስ ጦር ይዞ አይደል? ብገዛት ኃጢአት ይሆንብኛል? ታጥቄ ቤተ ክርስቲያን ብሄድስ? ጸበልስ ቢረጭባት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነኝ። ሰው ሳያማክሩ ገዝቶ ከመታጠቅ ጠይቆ መወሰን ይሻላልና መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። መልሴን አላዞርብህም። ያቺን ሽጉጥ አትግዛት።

ፍርሃትህን ግን አልንቀውም። ያንን መንገድ አውቀዋለሁ። እኔም ከሠርክ ጉባኤ ስመለስ በስልኬ መብራት እየተመራሁ ሄጄበታለሁ። ከኋላ የእግር ኮቴ ሲሰማ ልብ እንዴት እንደሚመታ ማንም አይነግረኝም። «ክርስቲያን አይፈራም» የሚልህ ሰው ካለ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ አልሄደም ማለት ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰይፉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ጌታችን የሌለው ልብሱን ሽጦ ሰይፍ ይግዛ ብሏል። ልክ ነህ። ግን ንባቡን እዚያ ላይ አታቁመው። ደቀ መዛሙርቱ «እነሆ ሁለት ሰይፎች አሉ» ሲሉት «ይበቃል» አላቸው። ብዙ ጭፍራ ሊመጣ፣ ለዐሥራ አንድ ሰው ሁለት ሰይፍ እንዴት ይበቃል? ለውጊያ ቢሆንማ አይበቃም ነበር። እሱ ራሱ «ከዓመፀኞች ጋር ተቆጠረ» የሚለው ትንቢት በእኔ ሊፈጸም ይገባል ብሎ ምክንያቱን ነግሯቸዋል። በዚያው ሌሊት ጴጥሮስ ከሰይፎቹ አንዱን መዘዘና የማልኮስን ጆሮ ቆረጠ። ጌታም ጆሮውን ዳስሶ ፈወሰው። ጴጥሮስንም ሰይፍህን ወደ ስፍራው መልስ አለው። ሊይዘው የመጣውን ሰው ቁስል ነው ያዳነው። ይህን ይዘህ ሰይፍ ግዙ የሚለውን ቃል ተመልሰህ አንብበው።

ቅዱስ ጊዮርጊስም በሥዕሉ ጦር የያዘው በዘንዶው ላይ ነው። ወደ ገድሉ ስትሄድ ሰባት ዓመት ሲያሠቃዩት ጦሩን በአንድም ሰው ላይ አላነሣም። ሚያዝያ 23 የምናከብረው የተገደለበትን ቀን ነው።

ይህን ስልህ ግን «ሌባ ቢመጣብህ ቁጭ ብለህ ተመታ» ማለቴ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ አታስተምርም። ኦሪት ዘጸአት 22 ላይ ስለ ሌባ የተጻፈ ሕግ አለ። ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰብር ተገኝቶ ቢመታና ቢሞት በመታው ላይ የደም ዕዳ የለበትም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን የደም ዕዳ አለበት። ይህን ቃል ሳነብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ሌባው ያው ሌባ ነው፤ ቤቱም ያው ቤት ነው። በሌሊት ግን የመጣው ለመስረቅ ይሁን ለመግደል አታይም፤ ጮኸህም የሚደርስልህ አታገኝም። ቀን ከሆነ ታየዋለህ፣ ታውቀዋለህ፣ ሰው ትጠራለህ። ስለዚህ ነፍሱ ትጠየቅብሃለች። ሕጉ የሌባውንም ደም ይቆጥራል። ለዕለት ሽያጭ ተብሎ የሚፈስ ደም የለም።

የሀገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አንቀጽ 78 ላይ ሕጋዊ መከላከል የሚለው ለዚሁ ይቀርባል። ጥቃቱ የተቃረበ ወይም የደረሰ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል መሆን አለበት። መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር መመጣጠን አለበት። ስልክህን ቀምቶ እየሮጠ ያለን ልጅ ከጀርባው ብትተኩስበት ከሦስቱ አንዱም የለም።

አባቶቻችን ደግሞ ከዚህም ይጠነቀቃሉ። ታላቁ ባስልዮስ በጦር ሜዳ ስለገደሉ ወታደሮች ሲጽፍ እንደ ነፍሰ ገዳይ አልቆጠራቸውም። ቢሆንም እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢታቀቡ መልካም ነው ብሎ መከረ። ሀገር ሲጠብቅ ለገደለው እንዲህ ከሆነ፣ በጨለማ ድንጋጤ ለሚተኮሰው ጥይት ምን ይባላል? መግደል ተፈቅዶ እንኳን ነፍስ ላይ የሚተወው ነገር አለ። በንስሐ አባትነት የሚያገለግሉ ካህናት ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አሁን ወደ ሽጉጧ ልምጣ። የተፋቀው ቁጥር ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ። አንተ «ቁጥሯም ተፍቋል» ብለህ በግማሽ መስመር አልፈኸዋል። ቁጥርን በሞረድ የሚፍቅ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ። ከየት እንደተሰረቀች፣ በማን ላይ እንደተተኮሰች አታውቅም። ነገ ፖሊስ ከወገብህ ላይ ቢያገኛት የትናንቷ ታሪክ ሁሉ የአንተ ነው የሚሆነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መግዛትንም መሸጥንም ይከለክላል። «ወረቀቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል» የሚባል ነገር የለም። ፈቃድ ይቀድማል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 13 ስለ ባለ ሥልጣን «በከንቱ ሰይፍ አይታጠቅም» ሲል ሰይፉን ለማን እንደሰጠ ልብ በል።

የአክስትህ ልጅ የሚኖረው በሌላ ሕግ ሥር ነው። ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላውና ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ ይችላል። እዚያ የሚፈቀደው እዚህ ያሳስራል። እሱ በቅንነት ነው የመከረህ፤ የለገጣፎን መንገድና የኢትዮጵያን አዋጅ ግን እሱ አይኖርበትም።

ስለ ሙከራው ከጉባኤያችን አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር አባት ጠየቅኩልህ። ስምህን አልነገርኳቸውም። ማካሮቭ የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበላት፣ ካዝናዋ ስምንት ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ ናት አሉኝ። ብዙ እጅ የዞረች ከሆነች ሞላዋ ይደክማል፣ የካዝናው አፍ ይጣመማል፣ የአፈሙዙ ውስጥ ይበላል። ይህ በሦስት ጥይት አይታወቅም። በተፈቀደበት ሀገር ያገለገለ ሽጉጥ የገዛ ሰው ጆሮውን ሸፍኖ፣ ከዒላማው ኋላ ከፍ ያለ የአፈር ክምር ባለበት ሜዳ፣ በባለሙያ ፊት መቶ ሁለት መቶ ጥይት ይተኩስባታል። አንዷ ጥይት ከከሸፈች አፈሙዙን ከዒላማው ሳይነቅል ግማሽ ደቂቃ ይጠብቃል፤ ዘግይታ ልትፈነዳ ትችላለችና። «ድንጋይ ላይ መተኮስማ እብደት ነው» አሉኝ እኒያ አባት። ጥይት ድንጋይ ሲመታ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። ድንጋይ ያልመታችውም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። አንተ እዚያው ነዋሪ ነህ። እሑድ ከሰዓት ከካባው በላይ ከብት የሚጠብቁት ልጆች የማን ልጆች እንደሆኑ ታውቃለህ። ኩበት የሚለቅሙት እናቶችም እዚያው ናቸው።

ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲል ሳኦል የራሱን ጥሩርና ሰይፍ አስታጥቆት ነበር። ዳዊት ግን አልፈተንሁትምና በዚህ መሄድ አልችልም ብሎ አወለቀው። ያልለመዱትን መሣሪያ ማውለቅ ከፍርሃት አይቆጠርም።

አሁን አንድ የራሴን ነገር ልንገርህ። ልጅ ሳለሁ ሰሜን ሸዋ አጎቴ ከጣሊያን ጊዜ የቀረች ቤሬታ ነበረችው። ከጋቢው ሥር ይታጠቃታል። እሑድ ቅዳሴ ስንሄድ ወደ ቅጽሩ አያስገባትም፤ በመሐረብ ጠቅልሎ ለእኔ ይሰጠኛል። የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከበሩ ውጭ ወይራው ሥር ተቀምጬ ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። እስከ ዛሬ አልረሳትም። ከእሱ ገላ የወሰደችው ሙቀት መሐረቡን አልፎ ይሰማኛል። የዘይት ሽታ አላት። ለትንሽ ዕቃ ትከብዳለች። ከውስጥ ዜማው ሲባል እየሰማሁ እኔ አልገባም፤ እሱ እንዲያስቀድስ ስል ስንት ቅዳሴ አመለጠኝ። አንድ ቀን መሐረቡን ፈትቼ ስነካካት ካዝናዋ ወልቃ መሬት ወደቀች። ጥይት ጎርሳ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ባትተኩስም እጄ እስኪመሽ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ለማንም አልተናገርኩም።

አጎቴ በዕድሜው ማንንም አልተኮሰም። ደግ ሰው ነበር። ግን ያቺን ሽጉጥ ከታጠቀ በኋላ ንግግሩ ሲለወጥ አይቻለሁ። የእርሻ ድንበር ነገር ሲነሣ፣ የውኃ ተራ ሲባል፣ ገና ሰውየው ሳይጨርስ የአጎቴ ቀኝ እጅ ወደ ወገቡ ትሄዳለች። እሱ አያውቀውም። ሌላው ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ፊቱ ተቀምጦ እውነቱን የሚናገር ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ከገዛ ያጎቱ ልጅ ጋር ሲጣሉ መዘዛት። አልተኮሰም። መምዘዙ ብቻ አምስት ዓመት አቆራረጣቸው። ሽማግሌ ገብቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ሁለቱም ሳይቆርቡ ቆዩ። የልጅ ዓይን የሚያየው ነገር አለ፤ እኔ ያየሁት ያቺን የምትሄድ እጅ ነው።

ያንተም እጅ እንዳትለምድ ነው የምፈራው። ማጅራት መቺ በዓመት አንዴ ይመጣ ይሆናል። ዱቤ የማይከፍል ደንበኛ፣ በር ላይ የሚያቆም ባጃጅ፣ ሰክሮ የሚሳደብ ጎረቤት ግን በየቀኑ አለ። ሽጉጧ ከሁሉም ጋር አብራህ ትውላለች። ማታ ደግሞ ቤት ትገባለች። ስለ ልጆች አልጻፍክልኝም፤ ካሉህ ኦሪት ዘዳግም 22 ቁጥር 8ን አንብብ። ጣራህ ላይ ሰው ወጥቶ እንዳይወድቅ መከታ ሥራ፣ በቤትህ ደም እንዳታመጣ ይላል።

ቤተ ክርስቲያን ታጥቆ መግባትን በአጎቴ ታሪክ መልሼልሃለሁ። ጫማ አውልቀን በምንገባበት ስፍራ ሽጉጥ አይገባም። ወደ ቁርባን የምትቀርብ ከሆነማ አስበው፤ ዲያቆኑ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል ወገብህ ላይ ያለው ምንድን ነው? ጸበሉንም ተወው። ካህን ቤትም መኪናም ይባርካል። ቁጥሩ የተፋቀ ነገር ላይ ግን ጸበል እንዲረጭ አልጠይቅልህም።

ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊም ራሱ ወንበዴ የነበረ፣ ጉልበቱ የተፈራ ሰው ነው። ከመነኮሰ በኋላ አራት ሌቦች በዓቱን ሰብረው ገቡበት። አሸነፋቸው፤ አሰራቸው፤ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና ሰውን መጉዳት ለእኔ አይገባኝም፤ በእነዚህ ምን ላድርግ ብሎ አባቶችን ጠየቀ። ማን እንደሆነ ሲያውቁ ሌቦቹም መነኮሱ። አንተ ሌባ አስረህ ተሸከም አልልህም። ግን ሙሴ አቅም እያለው ምን እንዳላደረገ አስተውል።

ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ነህምያ 4 ላይ ወደ አምላካችን ጸለይን፣ በቀንና በሌሊትም ጠባቂዎች አቆምን ይላል። ጸሎቱም ጥበቃውም አንድ ላይ ነው፤ ጥበቃውም የሰፈሩ ሁሉ ነው። ሱቁን ሦስት ሰዓት ከምትዘጋ አንድ ሰዓት ተኩል ዝጋ። የሚቀርብህ ገቢ ይኖራል፤ ግን ለሽጉጧ ልትከፍል ያሰብከውን ብር ስንት ወር እንደሚሸፍንልህ ቁጠር። ደንበኛህን በቴሌብር አስከፍል፤ ኪስህ ባዶ ይሁን፤ ባዶ መሆኑም በሰፈሩ ይታወቅ። ብቻህን አትሂድ። ከአስፋልቱ እስከ ሰፈራችሁ ያሉት ቤቶች ብር አዋጥተው አንድ ዘበኛ ቢቀጥሩና በየደጃፋቸው አንድ አምፖል ቢያበሩ ያ መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል። ሥራህ በእርግጥ መሣሪያ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ በግልጽ ፈቃድ ጠይቅ፤ ከከለከሉህ መልሱ እሱ ነው። ሻጩን ዛሬውኑ ደውለህ አልፈልግም በለው። ካባው ዘንድም አትውረድ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያ የተደበደበው ጎረቤትህ እንዴት ሆነ? ሄደህ ጠይቀኸዋል? ቅዳሜ ከሠርክ ጉባኤ በኋላ ይዘኸው ና። ከእናንተ ሰፈር የሚመጡ ሁለት ወንድሞች አሉ፤ እነሱንም አስቀራቸዋለሁ። ስለ ዘበኛው መዋጮ ተነጋግረን፣ ሲመሽ አራታችሁ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።