ሥራዬ መጽሐፍ ማውረድ ነው ወይስ ማስተማር?

ጥያቄ፦ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመርቄ ጎንደር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ላይብረሪ እሠራለሁ። ተማሪ ሲቸገር አጠገቡ ቁጭ ብዬ አሳየዋለሁ፤ ከቸኮለ ደግሞ እኔው ፈልጌ እሰጠዋለሁ። አለቃዬ «ጊዜ ታባክኛለሽ፣ አዳራሽ ሰብስበሽ በፓወርፖይንት አንዴ ንገሪያቸው» ይለኛል። ወንድሜ «ዲግሪ ይዘሽ መጽሐፍ አውራጅ!» እያለ ባንክ እንድገባ ይወተውተኛል። ማስተርስም አስባለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከአለቃሽ ልጀምር። ደብዳቤሽን ሳነብ የከነከነኝ እሱ ነው። ገና ግቢ የገባ ፍሬሽማን በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ካታሎግ ቢነገረው ምን ይፈይድለታል? ፕሮፖዛል የሚጽፈው ሊመረቅ ሲቃረብ ነው። ያኔ አዳራሽ ውስጥ ከሰማው አንዱም ትዝ አይለውም። ጎንደር ደግሞ ይህን ካንቺ አለቃ በፊት ታውቀዋለች፤ የኔታ ተማሪያቸውን አንድ በአንድ እንጂ በጅምላ አያስቀጽሉም።

ስለዚህ አጠገቡ መቀመጥሽን እንዳትተዪ። «እኔው ፈልጌ እሰጠዋለሁ» ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። ያ መላላክ ነው።

አንድ የጤና ተማሪ መጥቶ «የሪሰርች መጽሐፍ አለ?» አለሽ እንበል። ቶሎ ብለሽ አታውርጂለት። ርዕሱ ምን እንደሆነ፣ አድቫይዘሩ ምን እንዳለው ጠይቂው። ሁለት ሦስቴ ስትጠይቂው፣ የፈለገው ደምቢያ ውስጥ ስለ ወባ የተሠሩ ጥናቶችን ሆኖ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ፊት እሱ ይቀመጥ፤ ማውሱን እንዳትነኪ። ያን ረጅም ርዕሱን እንዳለ ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያው ድረ ገጽ) ላይ ሲገለብጠው ዝም በይው። ባዶ እጁን ሲቀር «ከዚህ ውስጥ ሁለት ዋና ቃል ብቻ ምረጥ» በይው። ሁለቱም ያሉባቸውን ጥናቶች ብቻ እንዲያመጣለት ወባንና ደምቢያን በ«ኤንድ» (AND) ያያይዛቸው። በጎንደር ስም የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ እሷም የራሷ ጣጣ አላት። በእንግሊዝኛ አንዱ ጸሐፊ መጨረሻዋ አካባቢ በ«ኤ» (Gondar)፣ ሌላው በ«ኢ» (Gonder) ይጽፋታል። ከሁለቱ አንዱ ያለበትን ሁሉ እንዲያመጣለት በ«ኦር» (OR) ካላገናኛቸው ብዙ ጥናት ያመልጠዋል። ይህን አንዴ በገዛ እጁ ከሠራው ለዶርም ጓደኞቹም ያሳያል። ሙሉ ጽሑፉን «ክፈል» ካለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የከፈተው የጤና ጥናቶች ማንበቢያ፣ ሂናሪ አለ፤ ኮሌጃችሁ ካልተመዘገበ ጉዳዩን ራስሽ አንሺው። መደርደሪያው ጋ ስትሄዱም ቁጥሩን እየተከተለ እሱ ይቅደም። በዲዊ የመጻሕፍት አመዳደብ 610 ሕክምና፣ 616 በሽታዎች መሆናቸውን ካወቀ በሚቀጥለው አይጠራሽም።

አለቃሽን በክርክር አትረቺውም። ደብተር ያዢ። ምን ተጠየቅሽ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ልጁ በዚያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ ወይ? ስም አያስፈልግም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች ይዘሽ ቢሮው ግቢ። አዳራሹንም እሺ በይው። ግን ፕሮፖዛል በሚጀመርበት ሳምንት፣ ከመምህሩ ክፍለ ጊዜ ላይ ለምነሽ፣ በእነዚያው ጥያቄዎች ላይ ብቻ ይሁን። (እኔም ወደ ምክር ሥራ የመጣሁት ከዚያው ባንኮኒ ጀርባ ተነስቼ ነው፤ ሚዛኔ ወዴት እንደሚያዘነብል ይታወቅልኝ።)

ወንድምሽ የቤት ኪራይሽን ይከፍልልሻል? ካልከፈለ ምክሩን ቀነስ ያድርግ። ደመወዝሽ ኪራይና አስቤዛ የማይሸፍን ከሆነ ባንክ ተወዳደሪ፣ ነውር የለውም። ለእሱ አፍ ብለሽ ግን እንዳትሄጂ። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ፋሲል ግቢ ውስጥ ቆሞ በሚታይበት ከተማ፣ የመጽሐፍ ሥራ ያሳፍራል ማለት መቼም ድፍረት ነው።

ማስተርሱ ለጊዜው ይቆይ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤትሽ ስፖንሰር ያደርግ እንደሆነ ሂውማን ሪሶርስ ሄደሽ ጠይቂ። እሺ ካሉሽም፣ ከመፈረምሽ በፊት ስንት ዓመት አገልግይ እንደሚሉሽ ውሉን አንብቢ።