ይህ የእሳት እራት አዲስ ዝርያ ይሆን? የጣና ዳር ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ዝናቡ ጋብ በሚልባቸው ምሽቶች በባሕር ዳር አምፖሎች ዙሪያ የእሳት እራት ሲበዛ፣ ፎቶ እያነሳችሁ «ይህ የሚታወቅ ነው ወይስ አዲስ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ነፍሳትን በመሰብሰብና በመለየት ካካበትሁት ልምድ ተነስቼ በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በረንዳዬ ላይ ያረፈውን፣ በክንፎቹ ላይ የዓይን ቅርጽ ያለበትን ትልቅ የእሳት እራት በኢንተርኔት ፈልጌ አጣሁት። አዲስ ዝርያ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ፎቶው አልተገኘም ማለት ስም አልወጣለትም ማለት አይደለም። ቢራቢሮንና የእሳት እራትን በአንድነት የያዘው ምድብ ስም የወጣላቸው 160,000 ገደማ ዝርያዎች አሉት፤ ከአፍሪካዎቹም ብዙዎቹ የሚታወቁት በድሮ ኅትመት ላይ በሰፈረ አጭር ገለጻና በአውሮፓ ሙዚየሞች መሳቢያ ውስጥ በተሰኩ ጥቂት ናሙናዎች ነው። እርስዎ ያዩት ዓይነት ትልልቅና ባለ ዓይን የሆኑት ጎልተው ስለሚታዩ ቀድመው የተሰበሰቡ ናቸው። ያልታወቀ ዝርያ የመገኘት ዕድሉ የሚሰፋው ማንም ልብ ከማይላቸው ከጥቃቅኖቹና ከግራጫዎቹ መካከል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አዲስ መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

መልስ፦ በማነጻጸር ነው፤ ከሥራው ሁሉ ረጅሙና አድካሚውም ይኸው ነው። በመጀመሪያ ናሙናው የሚመደብበት ወገን ይለያል፤ ከዚያም በዚያ ወገን ውስጥ እስከ ዛሬ የወጡ ስሞች በሙሉ፣ የተረሱትም ሳይቀሩ፣ አንድ በአንድ ይመረመራሉ። የክንፍ ቀለም ብቻውን አይታመንም፤ በዕድሜ ይደበዝዛል፣ በወንድና በሴት ይለያያል፣ በአንዳንዶቹም በበጋና በክረምት ይለዋወጣል። ስለዚህ የሆዱ ክፍል ተለይቶ 10 በመቶ በሆነ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሕድ ውስጥ ይቆይና ለስላሳው ሥጋ ሲሟሟ፣ የቀረው ጠንካራ የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከውጭ ፈጽመው የሚመሳሰሉ ሁለት ዝርያዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ከአንድ እግር ላይ ዲ ኤን ኤ ወስዶ 658 ፊደላት ያሉትን የታወቀ ቁራጭ ማንበብም ዛሬ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በእኔ እምነት የዲ ኤን ኤው ልዩነት ጥርጣሬን ያነሳሳል እንጂ የአካሉን ምርመራ አይተካም፤ ሁለቱ ሲስማሙ ነው ልቤ የሚያርፈው።

ጥያቄ፦ አንድ ናሙና ብቻ ቢኖረኝስ?

መልስ፦ የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ አይከለክልም። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ሆሎታይፕ የሚባለው፣ ስሙ ለዘለቄታው የሚታሰርበት ናሙና አዲሱን ዝርያ በሚያስተዋውቀው ጽሑፍ ውስጥ በግልጽ መለየትና የሚቀመጥበት ስብስብ መጠቀስ አለበት። እኔ ወንድና ሴት ያሉባቸው በርካታ ናሙናዎች እስኪገኙ መታገሥን እመርጣለሁ፤ ከእነርሱም ከፊሎቹ በአገር ውስጥ ቢቀመጡ፣ የእኛ ተማሪዎች ለማነጻጸር ባሕር መሻገር አይጠበቅባቸውም። በጀማሪነቴ ከዘጌ ጫካ ያገኘሁትን ያማረ ናሙና «ዘጌ» ብቻ ብዬ ጽፌበት፣ ቀኑንና ከፍታውን ሳልመዘግብ ቀረሁ። ዛሬም ሳየው ይቆጨኛል፤ በየትኛው ወር እንደሚበርር ማንም ከእርሱ ሊያውቅ አይችልም።

ጥያቄ፦ ስሙን በአማርኛ ማውጣት እችላለሁ? በራሴስ ስም?

መልስ፦ ስሙ በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት እንጂ ቃሉ ከአማርኛ ወይም ከአገር ስም ሊወሰድ ይችላል። በራስ ስም መሰየምን ደንቡ ባይከለክልም በባለሙያዎች ዘንድ ነውር ነው። ጽሑፉ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዙባንክ በተባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ አስቀድሞ መመዝገብ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለገበሬው ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ በ2009 ዓ.ም. በቆሎአችን ላይ የወረደውን የአሜሪካ ተምች ያስታውሳሉ፤ እርሱም የእሳት እራት አባጨጓሬ ነው። አባጨጓሬው ከነባሩ ተምች ጋር ይምታታ ነበር፤ የለየው በግንባሩ ላይ ያለው የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ (Y) ፊደል የመሰለ መስመርና በጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡት አራት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ናቸው። ያ ነፍሳት በ1797 እ.ኤ.አ. ስም የወጣለት ስለነበረ፣ ማንነቱ እንደታወቀ በአሜሪካ ስለ አኗኗሩና ስለ መከላከያው ለረጅም ዘመን የተከማቸው እውቀት ሁሉ አብሮ ተገኘ። ስም የሌለው ቢሆን ኖሮ ሁሉም ከዜሮ ይጀመር ነበር።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፤ በዘጌ ልጀምር አስቤያለሁ። ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ነጭ አንሶላ፣ ብርቱ መብራትና ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት፤ ጨረቃ ስትደምቅ ወደ መብራት የሚመጣው ይቀንሳል። ነገር ግን ናሙና ከመውሰድሽ በፊት ስለ ጄኔቲክ ሀብት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 482/1998 አንብቢና ስለ ፈቃዱ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ጠይቂ፤ በተለይ ናሙናው ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ። ጫካው የገዳማትና የአድባራት እንደመሆኑም በቀን ሄደሽ አባቶችን አስፈቅጂ፣ መብራቱ የት እንደሚተከልና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይም አስረጂያቸው።